የተቀጠረ ጨዋታና የቤተ ሰብ ደስታ

ሰው ሥራ ወዳድ እንዲሆን የሚመክር ሁሉ፣ የዕረፍቱን ጊዜ እንዴት አድርጎ እንዲያሳልፍ አብሮ ካልመከረው ምክሩ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ስለ አባ እንጦንስ የሚነገረው ታሪክ ይህን በደንብ ያስረዳል። አንድ አዳኝ በበረሓ ሲያልፍ ታላቁ መነኩሴ ከወንድሞቻቸው ጋራ ሲጫወቱ አይቶ ነገሩ ቅር ቢለው፣ ቀስቱን እንዲገትር አዘዙት፤ ገተረ። ደግመው ጨምሮ እንዲገትር አዘዙት፤ ጨመረ። በሦስተኛው ግን ከልክ አልፎ ቢገትረው ቀስቱ እንደሚሰበርበት ተናገረ። መነኩሴውም የሰው ነፍስ እንደዚሁ እንደ ሆነች፣ ሁልጊዜ ብትወጠር እንደምትሰበር አስረዱት ይባላል።

ነገር ግን ዕረፍት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ብቻውን ተቀምጦ ጊዜውን የሚገድል ሰው አለ፤ ገንዘቡን ለቁማር አቅርቦ ሌሊቱን ሲያነጋ የሚያድር ሰው አለ፤ ደግሞ በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ ከታወቁ ባልንጀሮቹ ጋራ ተገናኝቶ በደንብ ተጫውቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አለ። የፊተኛው ከዕረፍቱ ድካም ያተርፋል፤ ሁለተኛው ድኽነትና ጠብ ያተርፋል፤ ሦስተኛው ግን ለሰውነቱ ብርታት፣ ለልቡ ደስታ፣ ለቤቱም ሰላም ይዞ ይገባል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንነጋገረው ስለ ሦስተኛው ነው። ጨዋታው ራሱ ምንም ዓይነት ቢሆን ትልቁ ጥቅሙ በቀጠሮውና በማኅበሩ መሆኑን፣ ከአገራችን አንድ ምሳሌ ከውጭ አገርም አንድ ምሳሌ አቅርበን እናስረዳለን።

የአገራችንን ምሳሌ የምንወስደው ከጋይንት ነው። ጋይንት ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅ የሚገኝ፣ ደጋና ቆላ የተቀላቀለበት የጎንደር ክፍል ነው። በዚሁ አገር ያለችው የቤተ ልሔም ደብር በሊቃውንት ዘንድ እጅግ የታወቀች ናት። የቤተ ክርስቲያኒቱ አሠራር ያስደንቃል፤ በውስጥ አራት ማዕዘን የሆነው የጥንቱ ሕንፃ ቆሞ፣ በውጭ ደግሞ በኋላ ዘመን የተሠራው ክብ ቤት እንደ ካባ ከቦ ይዞታል። ከሕንፃው ይልቅ ግን ስምዋን በመላው ኢትዮጵያ ያስጠራው የድጓ ትምህርትዋ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ቅዱስ ያሬድ ደረሰው የሚባለውን ድጓ በየአገሩ የተማረ ደቀ መዝሙር፣ ትምህርቱ የሚጸናለት ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ባስመሰከረ ጊዜ ነው። በድሮው ሥርዓት ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ምልክቱንም ከመምህሩ ፊት እየተቀመጠ ያስተካክላል፤ በዚህ ላይ ብዙ ዓመት ያልፋል።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ጨዋታ ልንናገር ተነሥተን ስለ ድጓ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ማኅሌት ሲቆም ሊቃውንቱ ሁለት ወገን ሆነው ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፤ ከሁለቱም ወገን መሪ አለ፤ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮውም በአንድ ልክ ይሄዳሉ። ድምፁ እጅግ ያማረ ሰው እንኳ ቢሆን ብቻውን ማኅሌት ሊያቆም አይችልም። አንደኛው ወገን ቢጎድል ሌላው ወገን የሚቀበለውን ያጣል። እንግዲህ የጋይንት ባላገር ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ሜዳ በወረደ ጊዜ የሚያገኘው ጨዋታ ይኸው የሁለት ወገን ሥርዓት በሌላ መልክ የሚታይበት ነው። እርሱም የገና ጨዋታ ነው።

ቤተ ልሔም የጌታ ልደት የሆነባት ከተማ ስም ስለ ሆነች፣ የገናን ጨዋታ ከዚህች ደብር ስም ጋራ አያይዞ ማሰብ ይገባል። አባቶች እንደሚተርኩት፣ እረኞች የልደቱን ብሥራት በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት የያዙትን በትር ይዘው ተጫወቱ፤ የገና ጨዋታም መነሻው ይህ ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ወራቱም ለጨዋታ የተመቸ ነው። ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፤ መከሩ እየተሰበሰበ ነው፤ እህሉ የታጨደበት መሬት ገላጣ ሜዳ ይሆናል፤ ገበሬውም ከእርሻ ድካሙ ጥቂት ፋታ ያገኛል።

የጨዋታው መሣሪያ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ጫፉ የተቈለመመ ዱላ ከዱር ቈርጦ፣ ልጦ ያዘጋጃል። የሚመታው ሩር፣ በሌላ ስሙ ጥንግ፣ ከዕንጨት ተድበልብሎ ወይም ከጠፍር ተጠቅልሎ የሚሠራ ነው። ሁለቱ ወገን አንዳንድ ጊዜ በሰፈር፣ አንዳንድ ጊዜ የላዩና የታቹ አገር እየተባለ፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለት አለቆች ተራ በተራ እየመረጡ ይከፈላሉ። በባላገር ዘንድ የተጫዋቹ ቍጥር በልክ የተወሰነ አልነበረም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። ሩሩን እየመታ ከተቃራኒው ወገን ድንበር ያሳለፈ ያሸንፋል። አሸናፊው ወገንም እየዘፈነ፣ የተሸነፈውን በግጥም እየነካካ ወደ መንደር ይመለሳል፤ በየደጁም ጠላና ዳቦ ይቀርብለታል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ለመኳንንትና ለሹማምንት ልዩ ትምህርት አለ። በሌላው ቀን በጌታው ፊት ቀና ብሎ የማይናገር አሽከር፣ በገና ሜዳ ላይ የጌታውን ሩር ከእግሩ ሥር ነጥቆ ይሮጣል። ጌታውም ዱላ ቢነካው ወይም በግጥም ቢነቀፍ እንዳይቈጣ የአገሩ ልማድ ያስገድደዋል። ይህ ልማድ ክብርን የሚያዋርድ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ዓመቱን ሙሉ የሚያዝ ሰው፣ በአንድ ቀን እንኳ ከሚታዘዙለት ጋራ በእኩልነት ሮጦ፣ ተሸንፎም ስቆ ቢመለስ፣ በማግስቱ የሚሰጠው ትእዛዝ በፍቅር ይፈጸምለታል። መሸነፍን የማያውቅ ሰው ማዘዝንም በደንብ አያውቅም።

የጨዋታውን ጕዳትም መሸሸግ አይገባም። ዱላ እየተወነጨፈ፣ ዳኛ ሳይኖር፣ ብዙ ሰው በአንድ ሩር ላይ ሲረባረብ እግር ይሰበራል፤ ፊት ይቈስላል። የቆየ ቂም ያለባቸው ሰዎች ጨዋታውን ሰበብ አድርገው የተማቱ እንደ ሆነ፣ የደስታው ቀን ለሁለት ቤተ ሰብ የሐዘን ቀን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለጨዋታው የሚያስፈልገው ደንብና ዳኛ ነው። እንግሊዞች ይህንኑ የመሰለውን በቈልማማ ዱላ የሚመታ የሆኪ ጨዋታ በ1886 በፈረንጆች አቆጣጠር በለንደን ማኅበር አቁመው ደንብ ስላወጡለት፣ በ1908 ለኦሎምፒክ ውድድር በቃ፤ ዛሬም በብዙ አገር ይጫወቱታል። በአገራችንም የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ተቋቁሞ፣ ገናን ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋራ በወሰንና በዳኛ እንዲካሄድ አድርጎ በየጊዜው ያወዳድራል። ይህ መልካም ጅምር ነው።

ሆኖም ደንብ ብቻውን አይበቃም። ገና በዓመት አንድ ወራት ብቅ ብሎ ያልፋል፤ ከበዓሉ በኋላ ዱላው ከጣራ ሥር ይሰካል፤ ተጫዋቾቹም ወደየጉዳያቸው ይበታተናሉ። የሰውን ልብ ከሰው ልብ ጋራ የሚያስተሳስረው ግን ተደጋግሞ መገናኘት ነው። ይህንንም አያቶቻችን በደንብ ያውቁት ነበር። ማኅበር በየወሩ የሚጠጣው፣ ሰንበቴ በየእሑዱ የሚቀርበው፣ ዕቁብ በየሳምንቱ የሚጣለው ለዚህ ነው። ማኅበርተኛው ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ የሚቀጥለው ቀን ባለ ተራ መሆኑን ሚስቱም ልጆቹም ያውቃሉ፤ ጠላው በጊዜው ይጠመቃል፤ ቤቱ ይጠረጋል። የቀረ ሰው ለምን እንደ ቀረ ይጠየቃል፤ ታሞ እንደ ሆነ ይጐበኛል፤ ሰንፎ እንደ ሆነ ይቀጣል። ጽዋው ሰበብ ነው፤ ቁም ነገሩ አንዱ የሌላውን አለመኖር ማወቁ ነው።

አሁን ወደ ውጭ አገሩ ምሳሌ እንሂድ። በአሜሪካ ቦውሊንግ የሚባል የታወቀ ጨዋታ አለ። በረዥም አዳራሽ ውስጥ በሳንቃ የተነጠፈ፣ እንደ መስተዋት የተወለወለ ጠባብ ሜዳ አለ፤ በወዲያኛው ጫፍ ቁመታቸው 38 ሳንቲ ሜትር የሚሆን 10 ዕንጨቶች በሦስት ማዕዘን ሥርዓት ይቆማሉ። ተጫዋቹ ከ18 ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ከባድ ኳስ እያንከባለለ ይጥላቸዋል። የኳሱ ክብደት ቢበዛ 7 ኪሎ ግራም ከሩብ ያህል ነው። ጨዋታው 10 ዙር ነው፤ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ይወረውራል፤ በመጀመሪያው ውርወራ ሁሉንም ከጣለ ተጨማሪ ነጥብ ይታሰብለታል። ያለ አንዳች ስሕተት የጨረሰ ሰው 300 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚህ በላይ የለም።

የጨዋታው ሥር ከጀርመን አገር የመጣ እንደ ሆነ ይነገራል። በዚያ አገር 9 ዕንጨት እያቆሙ ይጫወቱት ነበር፤ ወደ አሜሪካም የገቡት ሰዎች ይዘውት ሄዱ። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ቁማርተኞች ስላበላሹት፣ የኮኔቲከት ግዛት በ1841 በሕግ ከለከለው። የ9ኙ ዕንጨት ጨዋታ ስለ ተከለከለ ሕጉን ለማለፍ 10ኛ ዕንጨት ተጨመረበት የሚል ወሬ አለ። ጨዋታውን ከቁማርተኛ እጅ አውጥቶ ለቤተ ሰብ የሚገባ ያደረገው ግን በ1895 በኒው ዮርክ ከተማ የተቋቋመው የአሜሪካ ቦውሊንግ ማኅበር ነው። የኳሱን ክብደት፣ የሜዳውን ርዝመት፣ የነጥቡን አቆጣጠር ሁሉ በአንድ ደንብ አጸናው። ሴቶችም በ1916 በሴንት ሉዊስ ከተማ የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። ከዚህ በኋላ ወይዛዝርት ወደ አዳራሹ መግባታቸው ነውር መሆኑ ቀርቶ ክብር ሆነ።

ከጨዋታው ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የሳምንቱ ቀጠሮአቸው ነው። ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ ሰዎች አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ የተወሰኑ ቡድኖችም ተባብረው አንድ ሊግ ያቆማሉ። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ድረስ በሳምንት አንድ ማታ፣ ለምሳሌ ማክሰኞ ማታ የሆነ እንደ ሆነ፣ ዘወትር ማክሰኞ ማታ ይገናኛሉ። በቡድኑ ውስጥ ሠራተኛውና አለቃው፣ ሐኪሙና መኪና ነጂው፣ ሽማግሌውና ወጣቱ ይቀላቀላሉ። አንዱ ቢቀር ቡድኑ ስለሚጐድል፣ የሚቀር ሰው አስቀድሞ ያስታውቃል። ተራው እስኪደርስ ድረስ የሚቀመጡበት ወንበር አለ፤ እዚያም ስለ ልጅ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ከተማው አስተዳደር ያወራሉ። ውርወራው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረው ማታ ሁሉ የወሬና የወዳጅነት ጊዜ ነው።

ለደካማው ተጫዋች የሚያደርጉለት ነገር ደግሞ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። እያንዳንዱ ሰው በየሳምንቱ ያገኘው ነጥብ ይመዘገባል፤ አማካዩም ይወጣል። ከተወሰነው ልክ በታች ለሆነው ሰው የልዩነቱ አብዛኛው ክፍል ይጨመርለታል። ልኩ 200 ተብሎ፣ ከልዩነቱም ከመቶ 80 እጁ እንዲጨመር ተወስኖ ቢሆን፣ አማካዩ 150 የሆነ ሰው 40 ነጥብ ይታከልለታል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ጀማሪው ከሊቁ ጋራ ተወዳድሮ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ሊቁም ሳይሰንፍ ይጫወታል። ደካማውን ከሜዳ የማያስወጣ፣ ብርቱውንም የማያስታብይ፣ ሚዛኑ የተስተካከለ ሕግ ማለት ይህ ነው።

የዚህን ቀጠሮ ፍሬ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በሚሺጋን ግዛት ኢፕሲላንቲ በምትባል ከተማ አንድ የ64 ዓመት ጡረተኛ ኩላሊቱ ታሞ፣ የሚተካለት ሰው እየጠበቀ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነበር። በዚያው የቦውሊንግ ሊግ የሚጫወት አንድ የ33 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ነገሩን እንደ ዋዛ በወሬ ሰማ። ሁለቱ ሰዎች በዘር የተለያዩ ናቸው፤ ሽማግሌው ጥቁር፣ ወጣቱ ነጭ ነው፤ ከጨዋታው በቀር ሌላ መተዋወቂያ አልነበራቸውም። ወጣቱ ግን ራሱ ሄዶ ከሁለቱ ኩላሊቶቹ አንዱን ሰጠው፤ ይህም የሆነው በ1997 ነው። ያ ወጣት ብቻውን የሚጫወት ሰው ቢሆን ኖሮ፣ የሽማግሌውን ሕመም ከማን ይሰማው ነበር?

ታሪኩን በመጽሐፉ የጻፈው የሃርቫርድ መምህር ሮበርት ፑትናም፣ በ1995 ባወጣው ጽሑፍ በ2000 ባሳተመውም መጽሐፍ አንድ የሚያሳዝን ነገር ለአገሩ ሰዎች ገልጿል። ከ1980 እስከ 1993 ባለው ጊዜ የቦውሊንግ ተጫዋች ቍጥር ከመቶ 10 እጅ ያህል ሲጨምር፣ በሊግ ተቀጣጥሮ የሚጫወተው ግን ከመቶ 40 እጅ ቀነሰ። ጨዋታው አልጠፋም፤ የጠፋው ማኅበሩ ነው። እርሱም ለመጽሐፉ «ቦውሊንግ ብቻን» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። በዚያ አገር የድግሱ ቤትና የማኅበሩ አዳራሽ እየተራቈተ፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ ከቴሌቪዥን ፊት መቀመጡን እንደ ትልቅ አደጋ ቈጥሮ አስጠንቅቋል።

ይህ ጨዋታ ለእኛ አካባቢ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ኤርትራ ከ1952 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት በዚያ ዘመን አካባቢ፣ በአሥመራ ከተማ የቦውሊንግ አዳራሽ ነበር፤ በቃኘው ጦር ሰፈር የነበሩት አሜሪካኖችም ይጫወቱበት ነበር። የወደቁትን ዕንጨቶች መኪና ሳይሆን ልጆች በእጃቸው ያቆሙ ነበር። ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ሆና ከተለየች በኋላም አዳራሹ የአሥመራ ከተማ ቅርስ ተብሎ ይጠቀስ ነበር። በጋይንት ግን የተወለወለ የሳንቃ ሜዳ አያስፈልገንም፤ ሩርና ዱላ፣ ገበጣና ሠንጠረዥ ከእኛ ዘንድ አሉ። የጐደለን ዕቃ አይደለም፤ የጐደለን የተወሰነ ቀን ነው።

እንግዲህ ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው እንደሚከተለው ነው። በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያሉ ባልንጀሮች ተሰባስበው በሳምንት አንድ ማታ ወይም ከሰንበቴ በኋላ አንድ ሰዓት ለጨዋታ ይወስኑ። ቀኑ አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ በትንሽ ምክንያት አይለወጥ፤ ቀኑን የለወጠ ማኅበሩን አፈረሰ ማለት ነው። ዳኛ ይመረጥ፤ የዳኛውም ቃል አይነቀፍ። ስም መዝጋቢ ይኑር፤ የቀረው ሰው በማግስቱ ይጠየቅ። ገንዘብ ለውርርድ አይቅረብ፤ ገንዘብ የገባበት ጨዋታ ወዳጅን ባለዕዳ ያደርጋልና። መጠጥም ቢቀርብ በልክ ይሁን። ለደካማው ነጥብ ይጨመርለት፤ ለሽማግሌው ሩጫው ይቀነስለት፤ ለልጆችም ከጕዳት የራቀ ቀላል ዱላና ለስላሳ ሩር ይዘጋጅላቸው።

ለእመቤቶችም ጥቂት ቃል አለን። ገና የወንዶች ጨዋታ ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ሶለል በሚባለው በዓል፣ ከፍልሰታ ጾም በኋላ ልጃገረዶች በቡድን ሆነው መንደሩን በዘፈን ሲያስደስቱት ይታያል። ሴቶች በኅብረት መጫወትን የሚያስተምራቸው አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው ለዚህ የሚሆን ጊዜ ነው። ባል በሳምንት አንድ ማታ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሲወጣ፣ ሚስቱም በሌላው ማታ ከጓደኞችዋ ጋራ እንድትገናኝ ልጆቹን ይጠብቅላት። ባል ብቻውን የሚደሰትበት ቤት በአንድ ወገን እንደሚቆም ማኅሌት ነው፤ ተቀባይ የለውም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ ቀጭኑ የሳምንት ቀጠሮ ተደጋግሞ ሲፈተል ብርቱ ገመድ ይሆናል። የታመመ የሚጠየቅበት፣ የተቸገረ የሚረዳበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ገመድ ይህ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ የቤቱ ጌታና እመቤት አንድ ላይ ተቀምጠው፣ የትኛው ቀን እንደሚሻል ይማከሩ፤ ከተስማሙም በኋላ ለሦስት ወይም ለአራት ጐረቤት ይላኩ። ሩሩን የሚጠቀልል ሰው አይታጣም።